ሻርል ለ ባርዢ፤ ከትያትር መድረክ ወደ ድምፅ አልባው ሲኒማ

አንድ ተዋናይ ዋና ሀብቱ አነጋገሩ ሆኖ ሳለ፥ ንግግር ወደማይሰማበት ሥራ ቢጠራ ምን ያደርጋል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ፈረንሳዊውን ሻርል ለ ባርዢን መርጠናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለ ባርዢ በ1858 ዓ.ም. ተወልዶ በ1880 ዓ.ም. ኮሜዲ ፍራንሴዝ ወደሚባለው የፓሪስ ትያትር ቤት ገባ። ይህ ቤት በ1680 ዓ.ም. በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ትእዛዝ የተቋቋመ ሲሆን፥ ነባር ተዋንያኑ ከገቢው ድርሻ ያላቸው ማኅበርተኞች ናቸው። እርሱም በ1887 ዓ.ም. ይህን ማዕርግ አገኘ። መኳንንትንና አፍቃሪዎችን ሆኖ መጫወት ይሆንለት ነበር፤ በአለባበሱም፥ በተለይ በክራቫቶቹ፥ ስም ያተረፈ ሰው ነበር።

በዚያን ጊዜ ሲኒማ በየበዓሉ ቦታ በድንኳን የሚታይ ርካሽ ጨዋታ ስለ ነበረ፥ እንዲህ ያለ ሰው ካሜራ ፊት መቆሙ ክብሩን የሚነካ ይመስል ነበር። ነገር ግን በ1908 ዓ.ም. ፊልም ዳር የተባለው ኩባንያ ታላላቅ ደራስያንንና ተዋንያንን ወደ ሲኒማ ለመሳብ ተነሣ። «የጊዝ መስፍን መገደል» የተባለውን ፊልም የፈረንሳይ አካዳሚ አባል የነበረው አንሪ ላቭዳን ደረሰው፤ ካሚል ሳን ሳንስ ሙዚቃውን ጻፈለት፤ ለ ባርዢ ከአንድሬ ካልሜት ጋር አዘጋጀው። ኅዳር 17 ቀን 1908 ዓ.ም. በፓሪስ ሲታይ ርዝመቱ ከሩብ ሰዓት ብዙ አይበልጥም ነበር።

ታሪኩ በ1588 ዓ.ም. ንጉሥ አንሪ 3ኛ ተቀናቃኙን መስፍን በብሏ ቤተ መንግሥት እንዴት እንዳስገደለው ያሳያል። አልበር ላምበር መስፍኑን፥ ለ ባርዢ ንጉሡን ሆነው ተጫውተዋል። ብዙዎቹ የመድረክ ሰዎች ንግግር ሲጐድልባቸው እጃቸውን በማወናጨፍ ሊተኩት ይሞክሩ ነበር፤ ሳራ በርናር እንኳ በ1912 ዓ.ም. «ንግሥት ኤልሳቤጥ» በተባለው ፊልም ከዚህ አላመለጠችም። ለ ባርዢ ግን ቁጥብ ነው። ወታደሮቹን ሲያሰማራም ሆነ ከግድያው በኋላ ከተሸሸገበት ሲወጣ፥ ፍርሃቱን የምናነበው ካረማመዱና ካስተያየቱ ነው። በእኛ አስተያየት ይህን ያገኘው ከዚያው ከመድረክ ነው፤ ጥሩ ተዋናይ ባልደረባው በሚናገርበት ጊዜ ዝም ብሎ መጫወትን ይማራልና። ካሜራው ግን ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ከሩቅ ስለሚመለከት፥ ፊቱን በቅርብ ለማየት አንችልም።

ለ ባርዢ በኋላ ከኮሜዲ ፍራንሴዝ ወጥቶ በፖርት ሳን ማርታን ትያትር ቤት ሠራ። በ1920 ዓ.ም. ሉዊ መርካንቶን ባዘጋጀው «የደም ጥሪ» በተባለው ፊልምም ታየ። በ1936 ዓ.ም. ሲሞት፥ ሲኒማ መናገር ከጀመረ ዓመታት አልፈው ነበር።