የማናውቀውን የቲማቲም ዘር እንዴት እንለየው?

ፈረንሳይኛ ከዐረብኛ ጋር የጅቡቲ መንግሥት የሥራ ቋንቋ በመሆኑ፣ በእጃችን የሚገባው የዘር ፓኬት ብዙውን ጊዜ የተጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። ቋንቋውን የማናነብ ሰዎች በላዩ ያለውን የቀይ ቲማቲም ሥዕል ብቻ አይተን እንዘራለን። ይሁን እንጂ በአምቡሊ ለቲማቲም የሚስማማው ቀዝቀዝ ያለው ወቅት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያለፈው ሰው የውሃውንና የድካሙን ዋጋ ለማግኘት እስከሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ከመዝራታችን በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች እንመልከት።

1ኛ. ስሙ
"ሮማ ቪ ኤፍ" በአገራችንም የታወቀ ዝርያ ነው። ፍሬው ሞላላና ሥጋው ወፍራም ሲሆን ለወጥና ለሳልሳ ይስማማል፤ ተክሉም አጭር ነው። "ማርማንድ" ስሙን ያገኘው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከምትገኝ ከተማ ነው፤ ፍሬው ትልቅ፣ ጠፍጠፍ ያለና ሸንተረር ያለው ነው። "ሴን ፒየር" ደግሞ ፍሬው ክብ፣ ተክሉ ረጅም ሲሆን ዘግይቶ ይደርሳል።

2ኛ. ከስሙ ቀጥሎ ያሉት ፊደሎች
"ቪ" እና "ኤፍ" ከአፈር የሚነሱ ሁለት የአጠውልግ በሽታዎችን፣ ማለትም ቬርቲሲሊየምንና ፉዛሪየምን መቋቋሙን ያመለክታሉ። "ኤን" ካለበት ሥር የሚያሳብጠውን ኔማቶድ የተባለ ጥቃቅን ትል ይቋቋማል። ከስሙ ቀጥሎ "ኤፍ 1" ሲል ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዘሩ ዲቃላ ነው ማለት ነው። ከዲቃላ ፍሬ ዘር አውጥተን ብንዘራ እንደ እናቱ አይሆንም፣ በየዓመቱ መግዛት ያስፈልጋል። ዲቃላ ካልሆነው ሮማ ወይም ማርማንድ ግን የራሳችንን ዘር ማስቀረት እንችላለን።

3ኛ. የመዝሪያው ወር
ፓኬቱ "ሰሚ" ከሚለው ቃል አጠገብ የመዝሪያውን፣ "ሬኮልት" ከሚለው አጠገብ የመልቀሚያውን ወር ያሳያል። ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ እንዲዘራ ነው። ይህ ለፈረንሳይ አየር የተሠራ ስለሆነ እኛን ያሳስተናል። በዚያ ወቅት የተዘራ ቲማቲም በአምቡሊ የሚያብበው በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ነው፤ ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍና ሌሊቱም ሳይቀዘቅዝ ሲቀር አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። እዚህ የሚሻለው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በጥቅምት መዝራት ነው።

4ኛ. ፓኬቱ የጠፋ ወይም ስም የሌለው እንደሆነ
ተክሉን ራሱን እንመርምር። በሁለት የአበባ ዘለላዎች መካከል ሦስት ያህል ቅጠል ካለ ተክሉ ማደጉን የማያቆም ረጅም ዓይነት ነውና እንጨት መደገፍ፣ በብብቱ የሚወጡትን ቡቃያዎችም መቀንጠስ ያስፈልጋል። አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ብቻ ኖሮ የግንዱ ጫፍ በአበባ ካለቀ አጭር ዓይነት ነው፤ ይህን ከቀነጠስነው ምርቱን እንቀንሳለን።

ማሳሰቢያ፦ ሮዝ ወይም ሌላ ደማቅ ቀለም የተቀባ ዘር መድኃኒት የተነካ ነው። ከሕፃናት ይራቅ፤ ከዘራንም በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። የዘሩን ጤንነት ለማወቅ 10 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን እናቆይ፤ በአንድ ሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ 7ቱ ከበቀሉ መልካም ነው። ባዶውንም ፓኬት አንጣል፤ ዝርያው ከተስማማን በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ለመጠየቅ የሚያገለግለን እሱ ነው።