ከደብተር በፊት ያለው ትምህርት

የሕፃን አንጎል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ ፈጥኖ ያድጋል። ሲወለድ የአዋቂውን ሩብ ያህል የነበረው፣ 5 ዓመት ሲሞላው 90 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ለዚህ ዕድገት ምግብና ጤና የግድ ናቸው፤ ከሰው ጋር መመላለስም እንደዚያው። ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ድምፅ ሲያሰማ እናቱ ዓይን ዓይኑን እያየች ትመልስለታለች፣ እሱም መልሶ ይሞክራል። ቋንቋ የሚገባው በዚህ ምልልስ ነው። ቴሌቪዥንና ስልክ ያወራሉ እንጂ ልጁ ላለው ነገር መልስ አይሰጡም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እነዚህን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል።

ፊደል ያልቆጠሩ ብዙ ወላጆች ለልጃቸው የሚያስተምሩት ያለ አይመስላቸውም። ቤቱ ግን ትምህርት ሞልቶታል። ቡና ሲፈላ ስኒ እንዲያቀርብ የታዘዘ የ4 ዓመት ልጅ፣ ለአንድ ሰው አንድ ስኒ እያደረገ ሲያዳርስ ቁጥርን ከዕቃ ጋር ያገናኛል። «ስንት ጎደለን?» ተብሎ ቢጠየቅ ደግሞ መቀነስ ጀመረ ማለት ነው። ምስር ሲለቀም አብሮ የሚቀመጥ ልጅ መለየትን ይለምዳል፣ ጣቶቹም ይጠነክራሉ።

ከፍ ሲል ቅልሞሽ ይመጣል። አንዷ ጠጠር ወደ ላይ ተወርውራ እስክትመለስ፣ መሬት ላይ ያሉት አራቱ በመጀመሪያው ዙር አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻም አራቱም ባንዴ ይታፈሳሉ። ይህን የተጫወተ ልጅ አራት በስንት መንገድ እንደሚከፈል በእጁ ያውቀዋል፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍለት እንግዳ አይሆንበትም።

በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የብዙ ሕፃናት የመጀመሪያ ትምህርት ቤት የቄስ ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ ልጁ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው፣ በድምሩ 231፣ ጮክ ብሎ እያለ ይይዛቸዋል። ሀሁን በቃሉ የሚያንበለብል ልጅ ግን መሐል ላይ አንዱን ፊደል ሲያሳዩት ሊጠፋበት ይችላል። ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ የተቀያየረው አቡጊዳ የሚከተለው፤ ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ እንዲለይ ያስገድደዋል። የድሮዎቹ መምህራን ሽምደዳን ከዕውቀት የለዩበት ይህ ዘዴ ዛሬም ሊዘነጋ አይገባም።

በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ፣ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው «ኦ ክፍል» ተስፋፍቷል። ከዚያ በፊት መዋዕለ ሕፃናት በአመዛኙ ከፍሎ ለሚያስተምር የከተማ ቤተሰብ ነበር። በሩ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ችግሩ ክፍሉ ብዙ ጊዜ ትንሽ አንደኛ ክፍል ሆኖ መቅረቱ ነው። ሕፃናቱ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ከሰሌዳ ይገለብጣሉ። ወላጅም ደብተር ሞልቶ ካልመጣለት ልጁ የተማረ አይመስለውም። ጭቃ ማድቦልቦል፣ ዶቃ መሰካት፣ ተረት ሰምቶ «ከዚያስ?» ሲባል መልሶ መናገር ከእርሳሱ ሊቀድሙ ይገባል። ከትምህርት ቤት የተመለሰን ልጅም «ስንት አገኘህ?» ከማለት «ዛሬ ምን ተጫወታችሁ?» ማለት ብዙ ያናግረዋል።

ወላጅና መምህር ተነጋግረው ሊከታተሉት የሚገባ ሌላም ጉዳይ አለ። ሲጠሩት ዞር የማይል፣ ወይም 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል የማያገጣጥም ልጅ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ መቆየት የለበትም። ጤና ጣቢያ ተወስዶ መጀመሪያ መስማቱ ይመርመር። የጆሮ ሕመም ብዙ ጊዜ ይታከማል፤ መስማት የተሳነው ልጅም የምልክት ቋንቋን በጊዜ ካገኘ ከእኩዮቹ ጋር ይማራል።