የሰይጣን ስም የወጣለት ሕፃን

ልጅ ሲወለድ ወላጆች ከሚሠሩት ሥራ ሁሉ ስም እንደ ማውጣት ቀላል የሚመስል የለም። ገንዘብ አያስወጣም፤ ጎረቤት ቢያማም «ልጁ የኔ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሆኖም አባትና እናት በአንድ ቀን የወሰኑትን ቃል ዕድሜውን ሙሉ የሚሸከመው፥ ሲወሰን አፍ ያልነበረው ሕፃን ነው። መምህር በተማሪዎች ፊት የሚጠራው፥ ጸሓፊ በመዝገብ የሚያሰፍረው፥ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲልክ የልጅቱ ዘመዶች ደጋግመው የሚጠይቁት ያንኑ ቃል ነው። ነገሩ ምን ያህል የከበደ እንደ ሆነ በጃፓን አገር በ1993 ዓ.ም. የተነሣው ክርክር በሚገባ ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተፈጸመው በቶኪዮ ክፍለ ሀገር በስተ ምዕራብ በምትገኘው በአኪሺማ ከተማ ነው። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር ወንድ ልጅ የተወለደለት አንድ አባት፥ የአገሩ ሕግ በሚያዝዘው በ14 ቀን ጊዜ ውስጥ፥ በነሐሴ መጀመሪያ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ቀርቦ የልጁን ስም «አኩማ» ብሎ አስመዘገበ። አኩማ ማለት በጃፓንኛ ሰይጣን ማለት ነው። ቃሉ የሚጻፈው በሁለት ፊደላት ሲሆን የፊተኛው ክፉ፥ የኋለኛው ጋኔን የሚል ትርጕም አለው። ስለዚህ በዚያ አገር ስሙ በጆሮ ብቻ የሚሰማ አይደለም፤ በዐይንም ይታያል። አንባቢው ፊደሉን አይቶ ትርጕሙን ሳያስብ ለማለፍ አይችልም።

አባትየው የሰጠው ምክንያት እንደ ዕብደት የሚቈጠር አይደለም። ይህን ስም አንድ ጊዜ የሰማ ሰው አይረሳውም፤ ልጁም በስሙ ምክንያት ከብዙ ሰው ጋራ ለመተዋወቅ ዕድል ያገኛል፤ የሚል ነበር። ከመቶ ሚሊዮን በሚበልጥ ሕዝብ መካከል ልጁ ሳይታወቅ እንዳይቀር የሚመኝ አባት ምኞቱ የሚገባ ምኞት ነው። ነገር ግን መታወቅና መከበር ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን የዘነጋ ይመስላል። ሌባም በከተማው ሁሉ ይታወቃል።

ጸሓፊው ስሙን ተቀበለ። ለመቀበሉም ምክንያት ነበረው፤ ሕጉ ለስም የሚሆኑትን ፊደላት ይወስናል እንጂ የስሙን ትርጕም ይመርመር አይልም። በ1981 ዓ.ም. በመንግሥት በወጣው የ1945 ፊደላት ዝርዝር ውስጥ ሁለቱም ፊደላት ይገኛሉ፤ እንግዲህ በፊደል በኩል ጕድለት የለበትም። ጥቂት ቈይቶ ግን ማዘጋጃ ቤቱ ተጠራጠረ። የፍርድ ሚኒስቴርንም ጠይቆ፥ ስሙ ለሰው ልጅ የማይገባ ነው የሚል መልስ ስላገኘ፥ በመዝገብ በሰፈረው ስም ላይ መሥመር አሰመረበት፤ ወላጆቹንም ሌላ ስም እንዲያመጡ ነገራቸው። አባትየው እምቢ ብሎ ለቤተ ሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት አቤት አለ። በዚህ ጊዜ ነገሩ ከአንድ ቤተ ሰብ አልፎ የአገር ወሬ ሆነ፤ ጋዜጦችና ቴሌቪዥን ተቀበሉት፤ አንዱ የአባት መብት ተደፈረ ሲል ሌላው ሕፃኑ ተበደለ ይል ነበር።

በሃቺዮጂ ያለው የቶኪዮ የቤተ ሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ክፍል በጥር ወር 1994 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ሁለት ፊት ያለው በመሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በአንድ በኩል፥ ይህን ስም ማውጣት ለወላጅ የተሰጠውን ሥልጣን ያላግባብ መሥራት ነው አለ፤ ልጁ በጓደኞቹ ዘንድ መዘባበቻ እንዲሆንና ከማኅበራዊ ኑሮ እንዲገለል ሊያደርገው ይችላልና። በሌላ በኩል ግን፥ ማዘጋጃ ቤቱ ስሙን በመዝገብ ካገባ በኋላ በገዛ ሥልጣኑ ሊሠርዘው አይችልም፤ የተሠረዘው ይመለስ ሲል ፈረደ። አባቱ ጥፋተኛ ነው ተብሎ ረታ፤ ማዘጋጃ ቤቱም እውነት አለው ተብሎ ተረታ። ለሹማምንት ይህ ፍርድ መራራ ነው፤ ዳሩ ግን ስለ ሰይጣን ስም ብሎ ዛሬ መዝገብ እንዲፋቅ የፈቀደ ዳኛ፥ ነገ በሌላ ሰበብ የሌላውን ሰው ስም የሚፍቅ ሹም ሲመጣ የሚመልስበት ቃል ያጣል።

ከተማው ይግባኝ አለ። ሕፃኑ ግን ይህ ሁሉ ሲሆን ወራት አልፈውበት፥ ሲጠሩት የሚሰማበት ዕድሜ እየደረሰ፥ በመዝገብ የጸና ስም አልነበረውም። በመጨረሻ አባትየው አቤቱታውን ተወና፥ ከፊተኛው ስም ድምፅ ከፊሉን የያዘ፥ ፊደሉና ትርጕሙ ግን ሌላ የሆነ ስም አስመዘገበ። በዚህም ምክንያት የበላይ ፍርድ ቤት በጭብጡ ላይ ሳይፈርድ ነገሩ ተዘጋ።

በጃፓን አገር ለሚወድዱት ልጅ የሚያስከፋ ስም ማውጣት ግን በዚያ ዓመት የተጀመረ አይደለም። ከዚህ ክርክር አራት መቶ ዓመት በፊት አገሩን በሙሉ ከእጁ ያስገባው ታላቁ የጦር አለቃ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ፥ ዕድሜው ከአምሳ ካለፈ በኋላ በ1589 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ተወለደለት። በዚያን ዘመን የተጣለ ልጅ ጠንክሮ ያድጋል የሚል እምነት ስለ ነበረ፥ ለዚህ ለተመኘው ወራሽ ያወጣለት የሕፃንነት ስም «ሱቴ» ማለት የተጣለ የሚል ነበር። ልጁ ግን በ1591 ዓ.ም. ሞተ። በ1593 ዓ.ም. ሁለተኛ ልጅ ሲወለድ፥ እንደ ተጣለ ልጅ ከደጅ እንዲቀመጥና ከሎሌዎቹ አንዱ እንዲያነሣው አድርጎ «ሂሮይ» ማለት ወድቆ የተነሣ ብሎ ጠራው። ግንብ ለመሥራት ሺህ ሰው የሚያዝዝ ጌታ፥ ሞትን ለማታለል የነበረው መሣሪያ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ይህ ልጅ አደገ፤ ሂዴዮሪ በተባለው ስሙም በታሪክ ታወቀ፤ በ1615 ዓ.ም. የኦሳካ ምሽግ ሲወድቅ በዚያው ሞተ።

ይህን ነገር የኢትዮጵያና የኤርትራ ደገኛ ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። ልጅ በልጅ ላይ የሞተባት እናት ስም ስታወጣ የምትናገረው ለጎረቤት ብቻ አይደለም። ሞት ባይኖር፥ ማስረሻ፥ ምትኩ፥ በትግርኛም ካሕሳይና ትካቦ የሚሉት ስሞች በሕያው ሰው ላይ ሆነው የሞተ ሰው ያስታውሳሉ፤ ካሕሳይ ካሳዬ፥ ትካቦ ደግሞ አባቱን የተካ እንደ ማለት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስም ከመንገሣቸው በፊት ስማቸው ካሣ ነበር። በክርስቲያኑም ዘንድ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ የሚቀበለውን የክርስትና ስም በየደጁ እንዳይጠራ መሰወር የቈየ ልማድ ነው፤ ስሙን ያወቀ መተተኛ ባለቤቱን ያገኘዋል ይባላልና።

ከዚህም ሌላ ጦርነት ያወጣቸው ስሞች አሉ። ሽፈራው ሺህ ሰው የፈራው ነው፤ ደምሴ፥ ናደው፥ ዳምጠው የሚሉትም በትርጕማቸው ቢመዘኑ በጨቅላ ሕፃን ላይ የሚያስደነግጡ ናቸው። ነገር ግን አስፈሪነታቸው ወደ ውጭ፥ ወደ ጠላት ነው እንጂ በልጁ ላይ አይደለም። ጨለማ የሚመስለውም ሁሉ ጨለማ አይደለም፤ ጥላሁን የሚለውን ስም ፀሐይ በማያቃጥልበት አገር ያለ ሰው ቢተረጕመው ጥቁር ነገር ሊመስለው ይችላል፤ የቆላውን መንገድ በቀትር የሄደ ግን ጥላ ምን እንደ ሆነ ያውቃል።

እንግዲህ የአኪሺማው አባትና የቀድሞዎቹ ወላጆች ሁሉም ያልተለመደ ስም ቢያወጡም በአሳብ እጅግ ይራራቃሉ። ሂዴዮሺ ልጁን የተጣለ ያለው ክፉ ዐይን እንዳያየው ነው፤ የዘመኑ አባት ግን ልጁን ሰይጣን ያለው ዐይን ሁሉ እንዲያየው ነው። የቀድሞው ስም ደግሞ የሕፃንነት ስም ስለ ነበረ ልጁ ሲያድግ ይለወጥ ነበር፤ የዛሬው በመዝገብ ይታሰርና በመታወቂያና በትምህርት ምስክር ወረቀት ላይ ይከተላል። ትልቁ ልዩነት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በአውሮጳም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በጀርመን አገር በካስል ከተማ በ2017 ዓ.ም. ወላጆች ወንድ ልጃቸውን ሉሲፈር ለማለት ፈልገው የመዝገቡ ሹም እምቢ ስላላቸው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በኋላ ግን ሉሲያን በሚለው ተስማሙ። እዚህ ላይ ለወላጆቹ የሚናገርላቸው አንድ ነገር አለ። ሉሲፈር በላቲን ቋንቋ ብርሃን አምጪ፥ ይኸውም አጥቢያ ኮከብ ማለት ነው፤ በአራተኛው መቶ ዓመትም የአርዮስን ትምህርት አጥብቆ የተቃወመ በሰርዴንያ ደሴት የካልያሪ ጳጳስ ይህንኑ ስም ይዞ ኖሯል። ቃሉን ያጠቈረው ከዚያ ወዲህ ያለው አጠራር ነው። ሆኖም አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት ግቢ ለጓደኞቹ ላቲን እያስተማረ ስሙን ያስከብራል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

የጃፓን መንግሥት በ2023 ዓ.ም. ያሻሻለው የቤተ ሰብ መዝገብ ሕግ ከግንቦት 2025 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ሕግ የስሙ ፊደል ብቻ ሳይሆን ንባቡም ይመዘገባል፤ ንባቡም በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ መሆን አለበት፤ ወላጆች አንዱን ፊደል ጽፈው ከእርሱ ጋራ የማይገናኝ ድምፅ እየሰጡት ጸሓፊውንና መምህሩን ያስቸግሩ ነበርና። አኩማ ግን በንባብ በኩል ምንም ጕድለት አልነበረበትም፤ እንደ ተጻፈው ይነበባል። እንዲህ ያለ ስም ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚመጣ አባት ቢኖር፥ በሃቺዮጂው ፍርድ አሳብ መሠረት ጸሓፊው እምቢ ሊለው የሚችለው ስሙን በመዝገብ ከማግባቱ በፊት ነው።