ስለ ደም ሥር መጥበብና ስለ ምርመራው

አንዳንድ ሰው ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተነሥቶ ወደ መርካቶ ሽቅብ ሲወጣ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ጥቂት ቆም ሲል ይለቀዋል፤ ሲራመድ ደግሞ ይመለስበታል። እርሱም «የብርድ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ይህ ምልክት ወደ እግር ደም የሚወስደው ሥር መጥበቡን ሊያስታውቅ ይችላል። የእግሩ ደም ሥር የጠበበበትም ሰው የልቡና የአንጎሉ ሥሮች አብረው እንዳይጠቡበት ያሰጋዋል።

ጤናማ የደም ሥር ውስጡ ልስልስ ነው። ከፍ ያለ የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታና የትምባሆ ጢስ ግን የውስጡን ሽፋን ይጎዱታል፤ በተጎዳውም ላይ ስብ እየተጠራቀመ መንገዱን ያጠበዋል። ስቡ የተሰነጠቀ ዕለት ደም በላዩ ይረጋና ይዘጋዋል። ይህ በአንጎል ላይ ሲደርስ ፊት ይጣመማል፥ እጅ ይዝላል፥ አንደበት ይተሳሰራል። በየሰፈራችን «ምች መታው» ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽ ጊዜው ያልፋል። እንዲህ ያለ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ደም ብዛት በራሱ ሕመም አይሰማም። በአዲስ አበባ ጎልማሶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፥ ከ100 ወንዶች 31 ያህሉ፥ ከ100 ሴቶችም 29 ያህሉ ደም ብዛት እንዳለባቸው አስረድቷል፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ይህን አያውቁም ነበር።

ይልቁንም ሊመረመሩ የሚገባቸው፦

1ኛ/ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ፤
2ኛ/ ትምባሆ የሚያጨሱ፤
3ኛ/ የስኳር በሽታ ያለባቸው፤
4ኛ/ ከወላጆቻቸው ወይም ከወንድም ከእኅቶቻቸው መካከል በልብ ወይም በአንጎል ደም ሥር በሽታ የተያዘ ያለባቸው፤
5ኛ/ ውፍረት የበዛባቸውና ተቀምጠው የሚውሉ ናቸው።

ምርመራው ቀላል ነው። የደም ግፊት በክንድ ላይ ይለካል፤ ከመለካቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቡና አለመጠጣት፥ 5 ደቂቃም ዐርፎ መቀመጥ ያስፈልጋል። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ብዛት ይባላል። የደም ስኳርና የኮሌስትሮል መጠን በደም ምርመራ ይታወቃል። እግሩን ለሚያመው ሰው ደግሞ የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ከክንዱ ግፊት ጋር ይነጻጸራል፤ ሲካፈል ከ0.9 በታች የሆነ እንደ ሆነ የእግሩ ደም ሥር ጠብቧል ማለት ነው።

እንግዲህ ትምባሆን መተው፥ በየቀኑ በእግር መሄድ፥ ጨውንም በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ማድረግ ይገባል። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ፤ የተሻለው በመድኃኒቱ ነውና። መምህራን ሆይ፥ አስቀድማችሁ እናንተ ተለኩ፤ ከዚያም ለተማሪዎቻችሁ ወላጆችና ለዕድራችሁ አባሎች ይህንኑ አስረዱ።