ለበጎ አድራጎት ከጓደኛ ጋር መሮጥ፦ እግሩ፣ ገንዘቡና ኒያው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የኅዳር ወር ሲቃረብ አዲስ አበባ ውስጥ ካናቴራ የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ የ10 ኪሎ ሜትሩን ውድድር ያሸነፈው ራሱ መሥራቹ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጎዳና ላይ ሩጫ የአትሌት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሠራተኛውም፣ የተማሪውም፣ የእናቶችም ሆኗል። በየሰፈሩም ለታማሚ ማሳከሚያ፣ ለየቲሞች ደብተርና ዩኒፎርም መግዣ እየተባለ ሦስትም አምስትም ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ወጣቶቻችን ከጓደኞቻቸው ጋር ሁለት ሁለት ሆነው ይመዘገባሉ። ጥያቄው የሚነሳው ይሄኔ ነው። እናት «ልጄ፣ ይህ የከፈልከው ብር ሰደቃ ነው ወይስ የካናቴራ ዋጋ?» ትላለች። አባት ስለ ሽልማቱ ይጠይቃል። እህት ደግሞ «እኔስ?» ትላለች። ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው።

በመጀመሪያ ሩጫ ለዲናችን ባዕድ ነገር አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በጉዞ ላይ ሳሉ ከአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር እንደተሽቀዳደሙና እንደቀደሟቸው፣ ከጊዜ በኋላ ሰውነታቸው ሲወፍር ደግሞ በሌላ ሽቅድምድም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደቀደሟቸውና የአሁኑ በዚያኛው ፋንታ መሆኑን በጨዋታ መልክ እንደነገሯቸው አቡ ዳዉድ ዘግበውታል። ባልና ሚስት በእግር ተሽቀዳድመው የሚሳሳቁበት ቤት ነበር ማለት ነው።

የሰለማህ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ) ታሪክ ግን ለዛሬው ርዕሳችን ይበልጥ ይቀርባል። ሰለማህ ከሰሓባዎች መካከል በእግሩ ፍጥነት የታወቀ ነበር። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ረዥም ሐዲሥ ውስጥ ነገሩን ራሱ ይተርከዋል። ዘራፊዎች የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ግመሎች ነድተው በሄዱ ጊዜ እሱ በእግሩ ተከትሎ፣ ቀስት እየወረወረ አስጥሏቸዋል። ዚ ቀረድ ከሚባለው ከዚያ ቦታ ወደ መዲና ሲመለሱ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐድባእ በተባለችው ግመላቸው ላይ ከኋላቸው አፈናጠጡት። በመንገድ ላይ ከአንሷሮች አንዱ፣ በሩጫ ተቀድሞ የማያውቅ ሰው፣ እስከ መዲና ድረስ የሚሽቀዳደመው እንዳለ ደጋግሞ ይጣራ ጀመር። ሰለማህ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) አስፈቀደና ከግመሏ ዘሎ ወርዶ ሮጠ። ልብ በሉ! ሰለማህ እንደወረደ አልፈተለከም። አንድ ወይም ሁለት ዳገት ያህል ትንፋሹን ለመቆጠብ ሲል ራሱን ገታ አደረገ። እንደገና ተከተለው፤ እንደገና ገታ አደረገ። ከዚያ በኋላ ነው ፍጥነቱን ጨምሮ የደረሰበት፤ በሁለት ትከሻዎቹም መካከል መታ አድርጎ መቀደሙን ነገረው። መዲናም ቀድሞ ገባ።

ዛሬ አሠልጣኞች ለጀማሪ ሯጭ በመጀመሪያ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። መነሻው ላይ ሙዚቃው፣ ጩኸቱና ግፊያው ያሞቃል፤ እግር ከልብ ይቀድማል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ከጅዳ ወይም ከዱባይ ለእረፍት መጥቶ በማግስቱ እሮጣለሁ የሚል ዘመድ ካላችሁ ቢያንስ ጥቂት ቀናት አየሩን ይልመደው በሉት። እዚሁ የኖረውም ቢሆን ከስምንት ሳምንት ገደማ አስቀድሞ በሳምንት ሦስት ቀን፣ መጀመሪያ እየተራመደ፣ ቀጥሎ እያፈራረቀ፣ በመጨረሻም እየሮጠ ቢለማመድ ይመከራል። የልብ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳያማክር መነሳት የለበትም። አካላችንም አማና ነው።

የጓደኛ ጥቅሙ ትልቁ እዚህ ላይ ነው። ጎን ለጎን እየሮጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መነጋገር ከቻሉ ፍጥነቱ ልክ ነው። አንደኛው በቃል ብቻ «እሺ፣ አይ» ማለት ከጀመረ ፈጥነዋል ማለት ነው፤ ይቀንሱ። ሰዓት የሚያስር ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ መለኪያ በቀላሉ አያገኝም። ታዲያ ሁለቱ እኩል ጉልበት የላቸውም እንበል። ከመነሻው በፊት ቁርጥ ያለ ስምምነት ያስፈልጋል። ወይ በደካማው ፍጥነት አብረው ይጨርሳሉ፤ ወይ ብርቱው ይቀድማል፤ መጨረሻው ላይ የሚገናኙበትን ቦታ ይቀጥራሉ። ሁለቱም ያስኬዳል። የሚያስቀይመው አብረን ነን ተባብሎ ተነስቶ መሐል መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ነው። በቃል ኪዳን መጽናት በሩጫ መሐልም ቢሆን በቃል ኪዳን መጽናት ነው።

ስለ ጓደኝነትና ስለ በጎ አድራጎት ሩጫ ካነሳን፣ የእኛ እምነት ተከታይ ባይሆንም፣ የካናዳዊውን ወጣት የቴሪ ፎክስን ታሪክ ማለፍ አይቻልም። ቴሪ በ18 ዓመቱ፣ በፈረንጆች 1977፣ በካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። በኤፕሪል 1980 በሰው ሠራሽ እግር አገሩን ከምሥራቅ ጫፍ ወደ ምዕራብ ለማቋረጥ መሮጥ ጀመረ፤ ዓላማው ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር። የልጅነት ጓደኛው ዳግ አልዋርድ መኪና እየነዳ፣ ምግብ እያበሰለ ተከተለው። የጉዞው ድካም ሁለቱን ጓደኛሞች ሆድና ጀርባ እስከማድረግ አድርሷቸው ነበር። የቴሪ ወላጆች በአውሮፕላን መጥተው አነጋገሯቸው፤ ቆይቶም ታናሽ ወንድሙ ተቀላቅሏቸው በመካከላቸው ሳቅ አስገባ። ቴሪ በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጦ ካንሰሩ ወደ ሳንባው በመዛመቱ ለማቆም ተገደደ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ22 ዓመቱ ሞተ። በስሙ ከ1981 ጀምሮ በብዙ አገሮች የሚካሄደው ሩጫ የመመዝገቢያ ክፍያ የለውም፤ አሸናፊም ሽልማትም የለውም። የሚሮጠው ይሮጣል፤ የሚራመደው ይራመዳል፤ የሚሰጠው የአቅሙን ይሰጣል።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። የገንዘቡን ነገር ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

በአንድ የሰፈር ሩጫ ውስጥ የሚዘዋወረው ገንዘብ ሦስት ዓይነት ነው፤ ሰዎች ግን አንድ ላይ ይደባልቁታል። የመጀመሪያው የመመዝገቢያ ክፍያ ነው። በዚህ ክፍያ ካናቴራ ከተገዛ፣ ውኃ ከቀረበ፣ ድምፅ ማጉያ ከተከራየ፣ ከፋዩ የከፈለው ላገኘው አገልግሎት ነው፤ ይህ ግዢ እንጂ ሰደቃ ተብሎ ሊጠራ አይገባም። አዘጋጁ ከክፍያው ይህን ያህሉ ለተረጂዎች ይውላል ብሎ በግልጽ ካስታወቀ ያ ክፍል በኒያው ሰደቃ ይሆናል። ካላስታወቀ መጠየቅ መብት ነው። እኛ እንደውም ግዴታ ነው ብንል ደስ ይለናል፤ «ለበጎ አድራጎት» የሚለው ቃል በካናቴራ ላይ በጉልህ ታትሞ ተረጂው ጋ የሚደርሰው ፍርፋሪ የሚሆንበት ጊዜ አለና።

ሁለተኛው ሯጮቹ ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ከሥራ ባልደረባ የሚሰበስቡት ነው። ይህ ከመጀመሪያው ሳንቲም እስከ መጨረሻው የተረጂው ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ከ40 ሰው 50 ብር ቢሰበስቡ 2,000 ብር ሆነ ማለት ነው፤ የሚደርሰውም 2,000 ብር ነው። የታክሲውን፣ የካናቴራውንና የውኃውን ከራሳቸው ኪስ ይችላሉ። ከሰጪዎቹ ፈቃድ ውጭ ከዚህ መቀነስ አማናን መብላት ነው። ዘካን በተመለከተ ደግሞ ጥንቃቄው ይጠብቃል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ተውባህ አንቀጽ 60 ዘካ የሚሰጣቸውን ስምንት ወገኖች ለይቶ አስቀምጧል፤ የሩጫ ማዘጋጃ ወጪ ከነሱ ውስጥ የለም። አንድ ሰው «ይህ ዘካዬ ነው» ብሎ ቢሰጣችሁ ለብቻው ይዛችሁ፣ ለብቻው ጽፋችሁ፣ ለሚገባው ድሃ አድርሱ።

ሦስተኛው ሽልማት ነው። ኢማም አን-ነወዊ የሰለማህን ሐዲሥ ሲያብራሩ በእግር መሽቀዳደም ያለ ገንዘብ ከሆነ ያለ ልዩነት የሚፈቀድ መሆኑን፣ በገንዘብ ከሆነ ግን ዑለማዎች እንደተለያዩበትና በሻፊዒይ መዝሀብ ዘንድ ትክክለኛው አቋም የማይጸና መሆኑ እንደሆነ ይገልጻሉ። በሐነፊይ መዝሀብ በእግር ሩጫ ላይ የሚሰጥ ሽልማት በመስፈርቱ ይፈቀዳል። በአገራችን የሁለቱም መዝሀብ ተከታዮች ስላሉ በጉዳዩ የምታምኑትን ዐሊም ጠይቁ። ሁሉም የሚጠነቀቁት አንድ ነገር ግን አለ፤ ሯጮቹ ሁሉ ብር አዋጥተው ያንን ብር የቀደመው ሰው ከወሰደው፣ እያንዳንዱ ወይ አትራፊ ወይ ከሳሪ ሆኗልና ነገሩ ወደ ቁማር ይሄዳል። በሰፈር ደረጃ ለምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች የእኛ ምክር ሽልማቱን ትታችሁ በምስክር ወረቀት ወይም በአንድ ሳህን ተምር ብታልፉት ነው። ከዚህ ሁሉ ክርክር ታርፋላችሁ፤ ለሽልማት የታሰበውም ለየቲሙ ይሄዳል።

እህቶች ለጠየቁት ደግሞ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) መሮጣቸውን አስቀድመን አይተናል። ጉዳዩ አለባበሱ፣ ቦታውና ግፊያው ነው። ሰፋ ያለ፣ ላብ የማይዝ፣ ሲነፍስ የማይገለጥ ልብስ፣ በመርፌ ቁልፍ ሳይሆን ተሰፍቶ የሚጠለቅ ሒጃብ ለሩጫ ይመቻል፤ መርፌ ቁልፍ በግፊያ መሐል ይወጋል። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው «ቅድሚያ ለሴቶች» የተሰኘው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሴቶች ብቻ የሚሮጡበት ስለሆነ ግፊያው ለሚያሳስባት እህት አንድ አማራጭ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶንን አሸንፋ የወርቅ ሜዳልያዋን ስትቀበል ሒጃብ ለብሳ ነበር፤ ዓለም ሁሉ አይቷል። ሴት ልጃችሁ ስትለማመድ ጓደኛ ይዛ ብትወጣ ለእናትም ለአባትም ልብ ያሳርፋል።

የሩጫው ቀን ጠዋት ሱብሒን በወቅቱ ሰግዶ መነሳት ነው። በሥራ ቀን ለሱብሒ የማይነሳ ወጣት ለሩጫ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲነሳ ብዙ እናቶች አይተዋል! ሩጫው ሰበብ ሆኖት ሱብሒን በጀመዓ ከሰገደ ግን አልሐምዱሊላህ። ጠጥቶ የሚጥለውን የውኃ ፕላስቲክም መንገድ ላይ አይወርውር፤ ከኋላ ያለው ሰው ይረግጠዋል፣ ያዳልጠዋል። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገርን ማንሳት ሰደቃ መሆኑን ከሐዲሥ ስናውቅ አስቸጋሪ ነገርን መጣሉ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

ስለ ኒያ የሚነሳው በፎቶግራፉ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 271 ላይ ሰደቃን በግልጽ መስጠት መልካም እንደሆነ፣ ደብቆ ለድሆች መስጠት ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይነግረናል። ስለዚህ በአደባባይ መሮጡና መለመኑ በራሱ ነውር የለውም፤ ሌላውን ያነሳሳል። ነገር ግን በየኪሎ ሜትሩ ቆሞ ፎቶ እየተነሱ በቴሌግራምና በፌስቡክ መልቀቅ ልብን ወደ ይዩልኝ ይስባል። ጓደኛ እዚህም ያስፈልጋል። «ይበቃሃል ወንድሜ፣ ስልክህን ኪስህ ክተት» የሚል ሰው ከጎን መኖሩ ኒዕማ ነው።

ሩጫው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ሥራ ከሩጫው ይከብዳል። ገንዘቡን ሁለቱም ባሉበት ይቁጠሩ፤ የሰጪውን ስም፣ ወይም ስሙ እንዲጻፍ ካልፈለገ የሰጠውን መጠን ብቻ፣ በደብተር ያስፍሩ። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 ብድርን መጻፍና ማስመስከር የታዘዘው ሰዎች እንዳይጠራጠሩ ነው፤ የሰው ሰደቃ የያዘ ሰው ደግሞ ከተበዳሪ ባልተናነሰ መጠንቀቅ አለበት። ለተረጂው ሲያደርሱ ማታ፣ በጸጥታ፣ ጎረቤት ሳይሰበሰብ ይሁን። የቲሙን ልጅ ደብተር አስይዞ፣ ከአንገቱ ሜዳልያ አጥልቆ ፎቶ ማስነሳት አያስፈልግም። ልጁ ነገ ትምህርት ቤት ሲሄድ የክፍል ጓደኞቹ ሥዕሉን ያዩታል። ለሰጪዎች ማስረጃ ካስፈለገ የመጽሐፍ መደብሩን ደረሰኝ ያሳዩ፤ ይበቃል።