ሰው ከሥሯ ከሚተኛ መኪናዋ ትገልበጥ



ከካምፑ ወጥታችሁ ወደ ከተማው ስትሄዱ በመንገድ ዳር ያሉትን ጋራዦች ሳታዩ አታልፉም። ኬንያውያን እንዲህ በጠራራ ፀሐይ የሚሠራውን የእጅ ሥራ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ በስዋሂሊ «ኃይለኛ ፀሐይ» ማለት ነው። በያጁ በጀርባው ተጋድሞ፣ ከፊቱ በላይ ያለውን የዛገ ወለል ይበይዳል። ፍንጣሪው በአንገቱና በጆሮው ላይ ይወርዳል። መኪናዋም ብዙ ጊዜ የቆመችው በድንጋይና በግንድ ላይ ነው።

በማሠልጠኛው ሂሳብና ቋንቋ ከምናስተምራቸው ወጣቶች አንዱ እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ሳለ፣ ቦዲው ከግንዱ ተንሸራቶ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች አሳጣው። ሕይወቱ በመትረፉ ተመስገን አልን። ይሁንና አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ቢሉም፣ የጋራዥ ሙያ ያለ እጅ አይሆንም። ለስደተኛ ደግሞ እጁ መሬቱም፣ ከብቱም፣ የባንክ ደብተሩም ነው። ልጁ ከሕክምና ሲመለስ ጓደኞቹ በክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ አቀረቡልን፦ «ከሥሯ ሳይተኙ የመኪናን ሆድ መጠገን አይቻልም ወይ?» ይቻላል። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የሰጠነው መልስ ነው።

ማዞሪያው ምንድን ነው?

በአሜሪካና በአውሮፓ አሮጌ መኪናዎችን እንደ አዲስ የሚያድሱ ባለሙያዎች «ሮቲሰሪ» የሚሉት መሣሪያ አላቸው። ስሙ የመጣው ዶሮ በብረት ዘንግ ላይ ተሰክቶ፣ በእሳት ፊት እየዞረ ከሚጠበስበት ምድጃ ነው። አሠራሩም ያው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚዞረው የመኪና ቦዲ መሆኑ ነው።

መሣሪያው ሁለት ጠንካራ የብረት ምሰሶዎች አሉት። አንዱ ከመኪናዋ ፊት፣ ሌላው ከኋላዋ ይቆማል። እንዳይወድቁ እግራቸው ሰፊ ነው፤ እንዳይራራቁም ከታች በረጅም ብረት ይያያዛሉ። በእያንዳንዱ ምሰሶ ራስ ላይ የሚዞር ዘንግ አለ። ከዘንጉ የሚወጡት ክንዶች ብዙውን ጊዜ ፓራውልት በሚታሰርበት ጠንካራ ቦታ ላይ በቡሎን ይታሰራሉ። ከዘንጉ ጋር ዙሪያውን የተበሳ ክብ ብረት ይኖራል፤ ቦዲው በሚፈለገው ቦታ ላይ ሲደርስ በቀዳዳው ወፍራም ስፒና ገብቶ ይቆልፈዋል።

በዚህ ጊዜ ወለሉ እንደ ግድግዳ በፊታችን ይቆማል። በያጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚሠራውን እያየ ይበይዳል። ዝገቱን መፋቅ፣ አንቲረስት መቀባት፣ ስፌቱን በማሸጊያ መድፈንም እንዲሁ ይቀላል።

የቮልስ ምሳሌ

እኛ ቮልስ የምንላትን ቮልስዋገን ቢትል እንውሰድ። የመጨረሻዋ ቢትል በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም ትታያለች። ይህች መኪና ባትሪዋ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። አሲዱና እርጥበቱ እዚያ ያለውን ወለል ስለሚበሉት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበሳው ያ ቦታ ነው። ላይኛው ቦዲ ከወለሉ ጋር የታሰረው በቡሎን ስለሆነ ሁለቱን ማለያየት ይቻላል። ከተለያዩ በኋላ ለየብቻ በማዞሪያ ላይ እየሰቀሉ ማደስ ነው።

ሁሉም ሥራ ግን ማዞሪያ አያስፈልገውም። መዳፍ ለምታህል ቀዳዳ መኪናን ሙሉ በሙሉ መፍታት ድካም ነው። መሣሪያው የሚጠቅመው ወለሉ፣ የበሩ ደፍና የታችኛው ስፌት በሰፊው ሲዝግ ነው።

ከመስቀል በፊት

ሀ. መፍታት። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ እግሮቿ፣ መስታወቱ፣ መቀመጫው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውና የነዳጅ ታንኩ ይወጣሉ። እንዲህ የተራቆተ የትንሽ መኪና ቦዲ እንኳን ከ2 እስከ 4 ኩንታል ሊመዝን ይችላል።

ለ. መደገፍ። የዛገ ወለል ሲቆረጥ ቦዲው እንደ ካርቶን ይጣመማል። ስለዚህ አስቀድሞ በሩ በትክክል መግጠሙ ይታያል፤ ከዚያም በበሩ ክፍት ቦታና ከግራ ወደ ቀኝ ቱቦ ብረት ይበየዳል። ይህ ድጋፍ የሚነሳው አዲሱ ወለል ተበይዶ ካለቀ በኋላ ነው።

ሐ. መለካት። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በመስቀልኛ ተለክቶ ቁጥሩ ይጻፋል። ከብየዳ በኋላ እንደገና ሲለካ ቁጥሩ ከተለወጠ ቦዲው ተጣሟል ማለት ነው። ያለ ድጋፍ የተበየደች መኪና ቀለሟ ቢያምርም በሯ አይዘጋም።

የሚዛን ነገር

ከሁሉ የሚበልጠው ሚዛን ነው። ውኃ ተሸክማ የምትሄድ ሴት ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድልባት ወዲያው ይታወቃታል። ቦዲም እንዲሁ ክብደቱ ሁሉ እንደ ተሰበሰበበት የሚቆጠር አንድ ነጥብ አለው። ዘንጉ በዚያ ነጥብ በኩል ካለፈ ሁለት ሰው 3 ኩንታሉን ያለ ችግር ያዞረዋል፤ ካላለፈ ግን ቦዲው እንደ ፈቃዱ ይሄዳል።

ይህን የተማርነው በራሳችን ስህተት ነው። ተማሪዎቹ ከአሮጌ የውኃ ቱቦ ሁለት ምሰሶ ሠርተው የተጣለ የፒክአፕ ጋቢና ሰቀሉ። እኛም በሰሌዳ ላይ ሥዕሉን ስንሥል ዘንጉን ከጋቢናው ወለል ጋር እኩል አደረግነው። ጣሪያውና የመስታወቱ ምሰሶዎች ከዘንጉ በላይ ቀሩ። ትንሽ እንዳዘነበልነው ጋቢናው በራሱ ተገልብጦ ጣሪያው ወደ ታች ወረደ። በገመድ አስረነው ስለነበረና በአጠገቡ ማንም እንዳይቆም ስላደረግን ማንንም አልነካም። ሥዕሉን የሠራነው አስተማሪዎቹ ስለሆንን ጥፋቱም የእኛ ነበር።

ደንቡ ይህ ነው። ቦዲው በገመድ እንደ ተያዘ ትንሽ ዘንበል ይደረጋል። ተመልሶ ቀጥ ካለ ክብደቱ ከዘንጉ በታች ነው፤ ስለዚህ ቦዲውን በክንዶቹ ላይ ከፍ ማድረግ ይገባል። ወደ መገልበጥ ካደላ ክብደቱ ከዘንጉ በላይ ነው፤ ዝቅ ማድረግ ይገባል። በተተወበት ቦታ ሁሉ ጸጥ ብሎ ከቆመ ሚዛኑ ተገኝቷል። በር ሲፈታ ወይም አዲስ ወለል ሲበየድ ክብደቱ ስለሚለወጥ ፈተናው እንደገና ይደረጋል።

ሊዘነጉ የማይገባቸው

1ኛ/ የነዳጅ ታንክ ባዶ ቢሆንም ብየዳ አጠገብ አይቀመጥ። በውስጡ የቀረው የቤንዚን ትነት ይፈነዳል።

2ኛ/ አሸዋ በአየር ግፊት እየረጩ ዝገት ማንሳት በአካባቢያችን አሸዋ ስላለ ርካሽ ይመስላል። ዱቄቱ ግን ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይድን በሽታ ያመጣል። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት መሥራት ይሻላል፤ ያን ጊዜም አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል።

3ኛ/ ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል። ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ስለሚያስከትል ሽፋኑ አስቀድሞ ይፋቅ፤ ሥራውም ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሁን።

4ኛ/ ከወለሉ በታች የተቀባው ሬንጅ በብየዳ ሙቀት ይቀጣጠላል። አስቀድሞ ይፋቅ፤ የአሸዋ ባልዲም በአቅራቢያ ይኑር።

5ኛ/ ስፒናው ሳይቆለፍ ማንም ሥራ አይጀምር። ከተቆለፈም በኋላ ቢሆን ከቦዲው ሥር ማንም አይግባ። መሣሪያው የተሠራው ከሥሩ መግባት እንዲቀር ነውና።

ማዞሪያ ለሌለው

በየጋራዡ እንዲህ ያለ መሣሪያ ይኖራል ብለን አንጠብቅም። ነገር ግን የተራቆተ ቦዲ በቂ ሰው ካለ በአሮጌ ጎማዎች ላይ በጎኑ ሊተኛ ይችላል፤ ከዚያም ወዲያና ወዲህ እንዳይል በሁለቱም ወገን ይደገፋል። ያልተፈታች መኪና ደግሞ በክሪክ ብቻ ተይዛ ከሥሯ አይገባም፤ ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመሸከም አይደለም። ከተነሳች በኋላ በደረቅና በጠንካራ መሬት ላይ፣ በብረት ካቫሌቶ ላይ ትቀመጥ፤ ጎማዎቿም ይታገዱ።

ጣቶቹን ያጣው ተማሪያችን ዛሬ በቀኝ እጁ ይበይዳል። ከጋቢናው አጠገብ ቆሞ ስፒናው መግባቱን ሳያይ ለማንም «ጀምር» አይልም። አሠሪ ቢያጣድፋችሁ እናንተም እንደ እርሱ አድርጉ። ሥራው አንድ ሰዓት ቢዘገይ ነገ ይደረስበታል፤ የጠፋ ጣት ግን አይመለስም።

ቸር ይግጠመን።