የጌዴኦ ድንጋዮች ምስል ፍራንክፈርት ምን ይሠራል?

የኢትዮጵያና የጀርመን የባህል ልውውጥ ሲነሳ የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ የሚታወሰው ጎተ ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ በ1962 ከተከፈተ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳየንን ፊልም፣ ያሰማንን ሙዚቃና የሰቀለውን ፎቶግራፍ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እኔ ግን ማንሳት የፈለግሁት ከዚያ በዕድሜ የሚበልጠውንና ከመዲናዋ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በዲላ ዙሪያ የተጀመረውን ግንኙነት ነው።

በ1934 እና 1935፣ ጣሊያን አገራችንን ከመውረሯ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሊዮ ፍሮቤኒየስ የመሠረቱት የፍራንክፈርት ተቋም አንድ የጥናት ቡድን ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ላከ። መሪው አዶልፍ የንሰን ሲሆኑ፣ አልፍ ባይርለ የተባሉ ሠዓሊም አብረው ነበሩ። ቡድኑ ካጠናቸው ሕዝቦች አንዱ ያኔ “ደራሳ” እየተባለ የሚጠራው የጌዴኦ ሕዝብ ነው። የጉዞው ውጤት በ1936 በጀርመንኛ ታትሟል፤ የመጽሐፉ ርዕስ “በገዳ ምድር” እንደ ማለት ነው። ፎቶግራፎቹና ሥዕሎቹም ፍራንክፈርት ቀሩ። ፈረንሳዊው ካህን አባ አዛይስም በ1920ዎቹ የደቡብን ትክል ድንጋዮች አጥንተው በ1931 ፓሪስ ላይ አሳትመዋል።

ድንጋዮቹን ላላየ አንባቢ ጥቂት ልበል። በጌዴኦ ዞን ቱቱ ፈላንና ጨልባ ቱቲቲን በመሳሰሉ ቦታዎች የቆሙትና የወደቁት ትክሎች ከ10 ሺሕ በላይ እንደሚሆኑ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። አንዳንዶቹ የወንድ ብልት ቅርጽ አላቸው፤ ሌሎቹ የሰው ፊትና አካል ተቀርጾባቸዋል። ቱቱ ፈላን የቆፈሩት ሮዤ ዡሶም ከቀደሙት ትክሎች አንዳንዶቹ ኋላ ላይ በሰው መልክ እንደገና መጠረባቸውን አሳይተዋል። ዕድሜያቸውም 1 ሺሕ ዓመት ገደማ ነው ሲባል ቆይቶ፣ በ2021 የወጣ የእነ አሸናፊ ዜና ጥናት ሳካሮ ሶዶ የተባለውን ሥፍራ ወደ መጀመሪያው ክፍለ ዘመን አርቆታል።

ታዲያ የ1930ዎቹ ፎቶግራፍ ምን ይጠቅማል? ለእኔ ዋናው ነገር ይህ ነው። ድንጋይ ይወድቃል፣ ይሰበራል፣ በቡናና በእንሰት ማሳ መካከል ከቦታው ይነሳል። ከተነሳ በኋላ የት እንደ ነበር፣ ፊቱን ወዴት አዙሮ እንደ ቆመ የሚነግረን የድሮ ምስል ብቻ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክአ ምድር በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ የይዞታውን ለውጥ መከታተል ግዴታ ሆኗል። ለውጥ የሚለካው ከቀድሞው ጋር በማስተያየት ነው፤ የቀድሞው ገጽታ ደግሞ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ፍራንክፈርት ነው።

ተቋሙ የምስል ክምችቱን በኢንተርኔት መክፈቱን አደንቃለሁ። ሆኖም አንድ የዲላ ተማሪ “ጌዴኦ” ብሎ ሲፈልግ፣ የዘመኑ ጽሑፍ የሚያውቀው “ዳራሳ” የሚለውን ነው። ሕዝቡ በማይጠራበት ስም የራሱን አያት ፎቶ እንዲፈልግ ማድረግ ልውውጥ አይባልም፤ መጽሐፉም ቢሆን ጀርመንኛ ለማያነብ የተዘጋ ነው።

የተሻለ አሠራር እንዳለ ግን አይተናል። በኮሎኝ የተማረው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ውስጥ የነበሩ ሥዕሎቹ ተመልሰው፣ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመው ሙዚየም ተከፍቶባቸዋል። ዋናው ሥዕል እንኳ መመለስ ከቻለ የፎቶግራፍ ቅጂ ምን ያህል ይከብዳል?

ቅጂው ዲላ ዩኒቨርሲቲና የዞኑ ባህል መሥሪያ ቤት ዘንድ ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ከመደርደሪያ ካልወጣ ግን ትርፉ ትንሽ ነው። በትልቁ ታትሞ ወደ ሶንጎ፣ ማለትም አባቶች ጉዳይ ወደሚመክሩበት ሸንጎ፣ መውረድ አለበት። “ይህ ቦታ የማን ነው? ይህን ልብስ ማን ይለብስ ነበር? ይህ ድንጋይ ዛሬ የት ነው?” ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ተመዝግቦና ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሞ ወደ ፍራንክፈርት ይላክ። በየፎቶው ሥር ሊጻፍ የሚገባውን ያን መልስ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።